ሶላሩን በራሱ እጅ ለሚተክለው የገጠር ሰው

ግልጽ ደብዳቤ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር እና ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን



ይህ ደብዳቤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፓኔሉን ከአንድ ሱቅ፣ ባትሪውን ከሌላ፣ ሽቦውን ከሦስተኛ ገዝቶ በገዛ ግቢው ሶላር ለሚተክለው የገጠር ሰው በሚያነበው ቋንቋ አጭር የአተካከል መመሪያ አውጡለት፤ ሥራውንም በሕግ የታወቀ የቤት ሥራ አድርጉለት። የመብራት መስመር የደረሰው ሰው ደንበኛ ተብሎ ይመዘገባል። ታሽጎ የሚሸጠውን የሶላር ኪት የገዛው በተጠቃሚነት ይቆጠራል። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ዕቃውን ከየሱቁ ለቃቅሞ በራሱ እጅ የሚገጥመውን ግን ምን እንደሠራ የሚጠይቀው፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው የለም። ቤቱ ሲበራ ብልህ ነው ይባላል፤ ሲቃጠል ደግሞ የእጁን አገኘ ተብሎ ይታለፋል። ይህ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ከዓመት ዓመትም እየበዛ ይሄዳል። ለምን እንደሚበዛና ለምን ችላ ሊባል እንደማይገባው አስረዳለሁ።

ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2010 ዓ.ም ሲጀመርና በ2011 ዓ.ም ሲከለስ የተያዘው ግብ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. መላውን ሕዝብ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ማድረግ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ በሆኑ አማራጮች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል። ዓመቱ ደርሶ አልፏል። ዛሬም ከሕዝባችን ግማሽ ገደማ የሚሆነው ኤሌክትሪክ የለውም፤ አብዛኛውም የገጠር ነዋሪ ነው። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። ቤቶች በየተረተሩና በየሸንተረሩ ተበታትነው በሚገኙበት አገር ለአንድ ጎጆ ስንት ምሰሶና ስንት ሜትር ሽቦ እንደሚያስፈልግ ያሰበ ሰው ሥራው ቀላል ነው አይልም። ነገር ግን እነዚያ ቤቶች መስመሩ እስኪደርሳቸው ድረስ በጨለማ አይጠብቁም። ልጅ ማጥናት አለበት፣ ስልክ መሞላት አለበት፣ ምጥ የያዛት እናት በኩራዝ ጭስ ውስጥ መውለድ የለባትም። ስለዚህ ሰው የሚያገኘውን ይገዛል።

የሚያገኘው ነገር ደግሞ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ፈጽሞ ተለውጧል። የፀሐይ ኤሌክትሪክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሚቶ በተባለችው መንደር 10.5 ኪሎዋት የሶላር ጣቢያ የተተከለው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ወደ 30 ኪሎዋት ከፍ ብሎ የውሃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ ጭምር እንዲያንቀሳቅስ ተደርጓል። በዚያ ዘመን ሶላር ያለ ትልቅ በጀት የሚታሰብ አልነበረም፤ መሐንዲስ ይነድፈዋል፣ መንግሥትና ለጋሽ ይከፍሉታል፣ መንደርተኛው ይጠቀማል። አሁን ግን በ2010 እ.ኤ.አ. በዓለም ገበያ ሁለት ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው አንድ ዋት ፓኔል በ2024 እ.ኤ.አ. ከ15 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዷል። የዋጋው መውረድ ውሳኔውን ከመሥሪያ ቤት አውጥቶ ለቤተሰብ ሰጥቶታል። ፓኪስታን በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ 17 ጊጋዋት ገደማ ፓኔል ከቻይና ስታስገባ ብዙውን ገዝተው በጣሪያቸው፣ በእርሻቸውና በፋብሪካቸው የተከሉት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ይህ መጠን በስም ከሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋዋት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። እርግጥ ፓኔል ሌሊት አይሠራም፣ ግድብ ግን ይሠራል፤ ሁለቱን እኩል ማድረጌ አይደለም። የሕዝብ ግዢ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ግን ያሳያል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ሲገባ የፓኪስታን የኃይል መሥሪያ ቤቶች በእያንዳንዱ ጣሪያ ላይ ምን እንደተተከለ በቅጡ መከታተል አልቻሉም። እኛ ገና በጊዜው ላይ ነን።

ታሽጎ የሚሸጠው ኪት ለምን አይበቃም? ኪት ጥሩ ነገር ነው፤ እስከ 350 ዋት ላለው ዓለም አቀፍ የጥራት መመዘኛ አለው፣ ሰኪው ከመሰኪያው ጋር ይገጥማል፣ ልጅም ሊያያይዘው ይችላል። ችግሩ ሲያድጉ አብሮ አለማደጉ ነው። ዘንድሮ ሁለት አምፖል ብቻ የፈለገ ቤተሰብ ከሦስት ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ትንሽ ፓምፕ ይፈልጋል። በዕቃ በዕቃው የሚገጥም ሰው አንድ ፓኔል ተክሎ ይጀምርና ምርት በሸጠ ቁጥር ይጨምርበታል። የኪት ባትሪ ሲሞት መተኪያው ብዙ ጊዜ ከዚያው ድርጅት ካልመጣ አይገጥምም፤ የተናጠል ባትሪ ግን ከቅርቡ ከተማ ይገዛል። ከሁሉም በላይ ራሱ የገጠመው ሰው የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ሲበላሽ ቴክኒሻን ፍለጋ የአንድ ቀን መንገድ አይሄድም። የገጠሩ ሰው ይህን መንገድ የመረጠው ከድህነት የተነሣ ብቻ አይደለም፤ ለኑሮው የሚስማማው እሱ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ የሚጎድለው ምንድን ነው? ጉልበትና ብልሃት አይደለም። ቤቱን፣ ጎተራውን፣ አጥሩን በራሱ የሚሠራን ሰው ፓኔል የሚሸከም ምሰሶ ማቆምን ማንም አያስተምረውም፤ የባሕር ዛፉን ሥር ምስጥ እንዳይበላው ምን እንደሚቀባውም ያውቃል። የሚጎድለው ጥቂት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ቀላል ቢሆንም ካልተነገረ በግምት የሚደረስበት አይደለም። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ከፓኔል ወይም ከባትሪ አሥር ሜትር ርቆ ላለ ዕቃ በ12 ቮልት አሥር አምፔር ለመላክ በቤት ውስጥ የተለመደውን 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ የተጠቀመ ሰው፣ ሽቦው ሄዶ ሲመለስ ሃያ ሜትር ስለሚሆን፣ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀርበታል። ይህ ከመቶ 12 ገደማ ነው። ፓኔሉ ሠርቶ ካመጣው ከፊሉን ሽቦው በሙቀት ይጨርሰዋል፤ ባትሪው በቅጡ አይሞላም፤ ሰውየውም ፓኔሉን ይረግማል። ያንኑ ኃይል በዚያው ሽቦ በ24 ቮልት ቢልከው የሚባክነው ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነው። ወፍራም ሽቦ ሳይገዛ፣ ዕቃው 24 ቮልት የሚቀበል ከሆነ፣ ባትሪዎቹን አስተካክሎ በማያያዝ የሚገኝ ትርፍ ነው። ይህን የሚነግረው ወረቀት ግን በየትኛውም ቀበሌ የለም።

ሌላው ምሳሌ ከደጋው የአየር ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ በገበያ ከሚገኙት ትልልቅ ፓኔሎች አንዱ የሆነው ባለ 550 ዋት ፓኔል ምንም ሳይያያዝበት የሚያሳየው ቮልት 49.5 ገደማ ነው። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ቢያያይዙ 99 ቮልት ይሆናል፤ እስከ 100 ቮልት እቀበላለሁ የሚል ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር ዕቃ) የገዛ ሰው ልክ ነው ብሎ ያስባል። ግን ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ በየአንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.3 ገደማ ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ በደብረ ብርሃን አካባቢ ብርዱ ወደ 5 ዲግሪ በወረደበት ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል እነዚያ ሁለት ፓኔሎች 105 ቮልት ይሰጣሉ። ኮንትሮለሩ በዚያች ጠዋት ሊቃጠል ይችላል፤ ባለቤቱም በወር ውስጥ የተቃጠለ ዕቃ ሸጡልኝ ብሎ ነጋዴውን ይከሳል። እንዲሁም የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ 220 ቮልት የሚለውጡ ብዙ ኢንቨርተሮች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ካለፉ አየሩ ስለሚሳሳና በደንብ ስለማያቀዘቅዛቸው ሙሉ አቅማቸውን መስጠት እንደሌለባቸው በመመሪያቸው ተጽፏል። የአገራችን ደጋ አብዛኛው ከዚህ ከፍታ በላይ ነው። እንዲህ ያለውን ለአገሩ የሚጽፈው የአገሩ መሥሪያ ቤት ካልሆነ ማን ይሆናል?

የአቅም ስሌቱም እንዲሁ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነው። አራት ባለ 5 ዋት አምፖል በቀን ለአምስት ሰዓት 100 ዋት-ሰዓት ይወስዳል፤ ስልክና ራዲዮ 30፣ ትንሽ ቴሌቪዥን በአራት ሰዓት 100፤ በጠቅላላው 230። አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔል በሙሉ ኃይሉ አምስት ሰዓት የሠራ ያህል ብርሃን ቢያገኝ፣ በሽቦ፣ በአቧራና በባትሪ የሚባክነው ተቀንሶ 350 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ይበቃል የሚል ሰው በሐምሌ ይጸጸታል። በክረምት ያ አምስት ሰዓት ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢወርድ የሚገኘው 245 ነው፤ ለጥቂት የሚተርፍ። ስለዚህ መለካት ያለበት በጥር ፀሐይ ሳይሆን በነሐሴ ደመና ነው። ለሁለት ቀን እንዲበቃ የሚቀመጥ ባትሪ ከግማሽ በላይ መራቆት የሌለበት የእርሳስ አሲድ ከሆነ በ12 ቮልት 80 አምፔር-ሰዓት ገደማ፣ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ከሆነ 50 ገደማ ይጠይቃል። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ለመስጠት አልተሠራም፤ ሳህኖቹ ቀጫጭን ስለሆኑ በዚህ አገልግሎት ቶሎ ይሞታል። ርካሽ መስሎት የገዛው ሰው በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ከወገናችሁ የሚነሣውን የመጀመሪያ ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከባድም ነው። ኤሌክትሪክ ይገድላል፤ ያልሠለጠነ ሰው እንዲነካው መንግሥት በወረቀት ቢፈቅድ ነፍስ ይጠፋል ትላላችሁ። አደጋው እውነት ነው፤ እንዲያውም ከተለመደው የቤት ኤሌክትሪክ በአንዳንድ በኩል የባሰ ነው። በመስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ሽቦ ሲላቀቅ የሚፈጠረው የእሳት ፍንጣሪ ራሱን ያጠፋል። የፓኔል ኤሌክትሪክ ግን ቀጥተኛ ስለሆነ ወደ ዜሮ አይወርድም፤ የላላ ማያያዣ ላይ የተነሣ ፍንጣሪ ቆርቆሮ እስኪያቀልጥ፣ ጣሪያ እስኪያቃጥል ሊነድ ይችላል። ለቤት መስመር የተሠራ ማቋረጫ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ፓኔል ፀሐይ እስካለ ድረስ ማጥፊያ የለውም። ባትሪ በስህተት ሁለቱ ጫፎቹ ቢነካኩ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል፤ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ ሰው በሚተኛበትና ኩራዝ በሚበራበት ክፍል ውስጥ ፈንጂ ነው። እኔም ተቃውሞውን የምቀበለው እስከዚህ ነው። ከዚህ የሚደረሰው መደምደሚያ ግን ዝም በሉ የሚል አይደለም። ዛሬ ያለ ፊውዝ የሚገጥመው ሰው መመሪያ ስለተሰጠው አይደለም የሚገጥመው፤ ስላልተሰጠው ነው። አደጋው የሚያድገው በዝምታ ነው፤ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርግ፣ ባትሪውን ከመኝታ አውጣ፣ ስትሠራ ፓኔሉን በጨርቅ ሸፍን የሚሉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብዙውን ይቀንሱታል።

እንግዲያውስ ሥራው ሁሉ የብቃት ማረጋገጫ ባላቸው ቴክኒሻኖች ይሠራ የሚለው ሐሳብ በአዲስ አበባ ይሠራል። ቴክኒሻኑ ያለበት የወረዳ ከተማ የሁለት ቀን መንገድ በሚርቅበት ቀበሌ ግን ለአንድ ፓኔል ከሚከፈለው ዋጋ የሚበልጥ አበል እንዲከፍል መጠየቅ ይሆናል፤ ውጤቱም ሰውየው ደብቆ መሥራቱ ነው። አገራችን ይህን ዓይነት ጥያቄ ከዚህ በፊት በጥበብ መልሳለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ለየቤቱ መጸዳጃ የሚቆፍር ተቋራጭ አልተላከም። በየቀበሌው ሁለት ሠልጣኝ ሴቶች ተመድበው ጉድጓዱ ከውሃ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ክዳኑ እንዴት እንደሚሠራ አስተማሩ፤ ቤተሰቡ በራሱ እጅ ቆፈረ። ባለሙያዋ ሥራውን ከቤተሰቡ አልነጠቀችም፤ መለኪያውን ሰጠችው፣ ቆይታም አየችለት። የግብርና ልማት ሠራተኛውም እንደዚሁ ለገበሬው አያርስለትም። ለሶላር የምጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም።

የቴክኒሻኑ ስፍራም አለ፤ ወሰኑ በግልጽ ይቀመጥ እላለሁ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ማመንጨትን፣ ማስተላለፍን፣ ማከፋፈልንና መሸጥን በፈቃድ ሥርዓት ያስተዳድራል፤ ይህም ተገቢ ነው። በዚህ ሥር በሚወጣ መመሪያ ለራስ ቤት ብቻ የሚውል፣ ኢንቨርተር የሌለው፣ ከ60 ቮልት የማይበልጥ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያለው ተከላ ማንም በራሱ ሊሠራው የሚችል የቤት ሥራ ነው ተብሎ ይጻፍ። ብዙ ፓኔል በተከታታይ ተያይዞ ቮልቱ ሲጨምር፣ ወይም 220 ቮልት የሚያወጣ ኢንቨርተር ሲገባ፣ ባለቤቱ ሊተክለው ቢችልም ሳይለኮስ በፊት ሠልጣኝ ሰው አይቶ ይፈርምበት። ሠልጣኙን ለማግኘት አዲስ ተቋም አያስፈልግም፤ በወረዳ ከተሞች ያሉት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ኤሌክትሪክ ያስተምራሉ። በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ መንደር ከቤት ወደ ቤት ሶላር ሲተከልባት የገጠር ልጆችን በዚያው በገጠር የሶላር ቴክኒሻን አድርጎ ማሠልጠን እንደሚቻል አሳይታለች።

ግድቡ ተመርቋል፣ መስመር እየመጣ ነው፣ ስለዚህ ይህ ሁሉ ለጊዜያዊ ነገር መድከም ነው የሚልም አለ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማድረስ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ግድቡ ባለበት በጉባ የሚዞረው ተርባይን በገደል ማዶ ላለችው ጎጆ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ሳይኖር አይደርሳትም። መስመሩ ሲመጣም ሶላሩ አይጣልም። በተቋረጠ ጊዜ የሚያበራው እርሱ ነው። ይልቁን መስመር በሚደርስበት ዕለት የሚመጣው አደጋ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል፤ ኢንቨርተሩን ከቆጣሪው ጋር እንዲሁ ያያያዘ ቤት መብራት በጠፋ ሰዓት ወደ መስመሩ ኃይል መልሶ ሊልክና ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። አንዱ ሲበራ ሌላውን የሚለይ መቀያየሪያ የግድ መሆኑን ሰዎች አስቀድመው ካላወቁ ስንቱ ቤት እንዲህ እንደተያያዘ በኋላ መቁጠር አይቻልም። መመሪያው ለመጪው መስመርም የሚጠቅም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሐሰተኛ ዕቃ የሚነሣው ስጋት እኔንም ያስጨንቀኛል። ለኪት መመዘኛ እንዳለ ሁሉ በተናጠል ለሚሸጠው ፓኔልና ባትሪ በሱቅ ደረጃ የሚታይ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ ይህ ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ጋር የሚሠራ ነው። እስከዚያው ግን ገዢው ራሱ ሊያጣራ የሚችለው ብዙ አለ። ለፓኔል መለኪያ የሚወሰደው የፀሐይ ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ነው፤ ጥሩ ፓኔል ከዚህ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 200 ዋት ገደማ፣ ይለውጣል። ስለዚህ እውነተኛ ባለ 100 ዋት ፓኔል ስፋቱ ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ግማሽ ካሬ ሜትር ሆኖ ጀርባው ላይ 300 ዋት የተለጠፈበት ፓኔል ውሸት መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የ12 ቮልት እርሳስ ባትሪም ከ25 ኪሎ በታች ከመዘነ ጥርጣሬ ይገባዋል። ይህን ያወቀ ገበሬ በገበያ ቀን ከማንም ተቆጣጣሪ በፊት ሐሰተኛውን ነጋዴ ያሳፍረዋል።

ከጉምሩክ ኮሚሽን ጋር እንድትነጋገሩበት የምለምነውም አለ። በዓለም አቀፉ የዕቃ ምደባ ፓኔል በ85.41፣ ባትሪ በ85.07፣ ፊውዝና ማቋረጫ በ85.36፣ ሽቦ በ85.44 ይመደባሉ። ፓኔሉ በስሙ የሶላር ዕቃ ነው፤ ነፍስ የሚያድነው ፊውዝ፣ ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የተሠራው ማቋረጫና ፀሐይ የማይሰነጥቀው ሽቦ ግን ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ጋር በአንድ መደብ ይቀመጣሉ። ለሶላር የሚሰጥ ማንኛውም ማበረታቻ ፓኔሉን ብቻ አርክሶ መጠበቂያዎቹን ከረሳ፣ ሰውን ፓኔል እንዲያበዛና ፊውዝ እንዲቀንስ መግፋት ይሆናል። ማበረታቻው ጥበቃውን ጭምር ያቅፍ።

ስለ ወሰኑም እውነቱ ይነገር። በራስ እጅ የተተከለ አነስተኛ ሶላር እንጀራ አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4,000 ዋት ይስባል፤ የአንድ ሰዓት ጋገራ ከላይ ያልኩት ዓይነት ባለ 100 ዋት ፓኔል በአሥራ አንድ ቀን የሚያመርተውን ይበላል። ሶላር ገዝታችሁ ከማገዶ ትገላገላላችሁ የሚል ሻጭ ካለ ያታልላል፤ የእናቶቻችንን የማገዶና የጭስ ችግር የሚፈታው መስመሩና የተሻሻለው ምድጃ ነው። ውሃ መሳብ ግን ሶላር ከሁሉ በላይ የሚችለው ሥራ ነው። ፓምፑ ፀሐይ ሲበረታ በብርቱ ይስባል፣ ውሃው ተጠራቅሞ ስለሚቆይ ባትሪ አይጠይቅም፣ ውሃ በብርቱ የሚፈለግበት በጋም ፀሐይ የሚበዛበት ወቅት ነው። በቤንዚን ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ገበሬ ለነዳጅ የሚያወጣውን ያውቃል። መመሪያው ለቤት መብራት አንድ ገጽ ከሰጠ ለፓምፕ ሦስት ይስጥ።

ያረጀ ባትሪ የት ይሂድ የሚለውን ሳላነሳ ብቀር ደብዳቤው ጎደሎ ይሆናል። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በየጓሮው የተጣለና አሲዱ በማሳ የፈሰሰ ባትሪ ከኩራዝ ጭስ ያወጣነውን ልጅ በሌላ በኩል ይጎዳዋል። ሻጩ አሮጌውን ተቀብሎ ከአዲሱ ዋጋ እንዲቀንስ የሚያስገድድ ቀላል ደንብ ይውጣ፤ እርሳስ ተመልሶ የሚሸጥ ብረት ስለሆነ ነጋዴው አይከስርም።

መመሪያው ከሃያ ገጽ አይብለጥ፤ ሥዕል ይብዛበት፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ይታተም፤ ማንበብ ለማይችለው በራዲዮ ይነገር። ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዙሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው፤ ጥላ የሚጥል ዛፍ በጠዋትም በማታም የት እንደሚደርስ ማየት፤ የመሬት ሽቦ መቅበር፤ የሽቦውን ውፍረት ከሰንጠረዥ ማንበብ፤ ይህን የመሰለ ነገር ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችሁ ውስጥ ይህን በአንድ ወር መጻፍ የሚችሉ መሐንዲሶች እንዳሉ አልጠራጠርም።

የገጠሩ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ምርቱን ሰብስቦ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በሚሸጥበት ጊዜ ነው፤ ፓኔልና ባትሪ የሚገዛውም ያን ጊዜ ነው። ከመጪው ታኅሣሥ በፊት መመሪያው በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲደርስ፣ ሥራ ላይ የሚውልበትንም ቀን ለሕዝብ እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።